ከመዝገብ የወጣው መጽሐፍና ወደ መዝገብ ያልገባው ሥዕል

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ያሰቡት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ስላስጠረጉት መንገድ ነበር። ለአንድ የመንገድ መሐንዲስ የሚስማማ ርእስ ነው። ከመርሳ ከተማ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የወሎን ደጋ እንደ ግንብ ተገትሮ ያየዋል። ከዚያ ግንብ በስተጀርባ ዋድላና ደላንታ አሉ፤ ከደላንታም ወዲያ፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ፣ መቅደላ ይገኛል። በአሞራ መንገድ ቢለካ ከመርሳ እስከ መቅደላ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይሁን እንጂ አገሩ የሚለካው በአሞራ መንገድ ሳይሆን በገደሉ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶበታል።

ስለ መንገዱ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ሌላ ነገር ወሰደው። ንጉሡ መንገዱን ያስጠረጉት ለመድፋቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ያው መንገድ ለጠላታቸው ጦር አገልግሏል። የእንግሊዝን ጦር የመሩት ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በሙያቸው እንደ እኛው መሐንዲስ ስለነበሩ የመንገዱን ዋጋ ለመረዳት አልተቸገሩም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የመልሱ ጉዞ ነው። ጦሩ ሲመለስ ዝሆንና በቅሎ የተሸከሙት የንጉሡና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነበር። መድፉ ግን ለመሸከም ስለማይመች እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በዚህም ምክንያት የማቀርበው ጽሑፍ ስለ መንገዱ መሆኑ ቀርቶ፣ በመንገዱ ስለተጓዘው ዕቃና ዕቃው ከገባበት ቤተ መዘክር እንዴት ሊወጣ እንደቻለ፣ ወይም እንዳልቻለ፣ ሆነ። አዘጋጆቹ እንደሚታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጠፉ። ወዲያው ዘረፋው ተጀመረ። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን የቆየ ሐራጅ ተደረገ፤ ዕቃውን ወደዚያ ያደረሱት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ናቸው። ከሐራጁ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ከአራት ብር ጥቂት ፈቀቅ የሚል ነበር። በሐራጁ ከተገኙት ገዢዎች ዋነኛው ሪቻርድ ሆልምዝ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ከጦሩ ጋር የተላከው ለቤተ መዘክሩ የሚጠቅም ዕቃ እንዲሰበስብ ሲሆን፣ ለግዥ የሚሆን 1,000 ፓውንድ ተመድቦለት ነበር። ከሐራጁ በፊትም የአቡኑን የወርቅ ዘውድና ከወርቅ የተሠራ ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። የብራና መጻሕፍትንም እየመረጠ ለቤተ መዘክሩ 350 ያህል አስቀርቷል።

እዚህ ላይ አንድ የማያስደስት እውነት ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በመቅደላ የነበሩት መጻሕፍት ሁሉ እዚያው የተጻፉ አይደሉም። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም አስበው፣ ብዙዎቹን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በኃይል ያስመጧቸው ናቸው። የጎንደር ካህናት የፈረሙበት የርክክብ ወረቀት የለም። ስለዚህ ስለ መቅደላ ቅርስ ስንናገር «የኛ» የምንለው ንብረት በውስጡ ከአንድ በላይ ባለቤት እንዳለው ማስታወስ ይኖርብናል። ይህን የምለው የእንግሊዞችን አድራጎት ለማቅለል አይደለም፤ ነገሩ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል። ያረጀ ማሽን እንኳ በራሱ ጊዜ አይጠፋም፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ዕቃው ታይቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በሐራጅ ተሸጦ ወይም ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቤተ መዘክርም እንደዚሁ ገቢና ወጪ አለው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። የእኛ ቡልዶዘር ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል፤ በቤተ መዘክር ያለ ዕቃ ግን በዕድሜ ብዛት ዋጋው ይጨምራል። በዚህም ላይ ቡልዶዘሩ ወጣ ቢባል አምሳያው ይገዛል። ቅርስ አንድ ጊዜ ከወጣ ግን ስሕተቱን ማረም የሚቻለው፣ ወዴት እንደሄደና ለምን እንደወጣ የሚናገር ጽሑፍ ካለ ብቻ ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን የተማረው ቀስ እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በኑዛዜ የተሰጡትን ሥዕሎች ጭምር በሸጠ ጊዜ ከባድ ወቀሳ ደረሰበት፤ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግም ጉዳዩን መረመረ፤ በተከታዩ ዓመት ቤተ መዘክሩ የሽያጭ ደንቡን በጽሑፍ ለማውጣት ተገደደ። የዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ያጸደቀውና በ2004 ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብም ይህንኑ ያጠናክራል። በደንቡ መሠረት ቤተ መዘክሩ ዕቃውን ለማስወጣት ሕጋዊ ሥልጣን እንዳለው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ምክንያቱም ውሳኔውም በጽሑፍ ይቀመጣሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሌላ ቤተ መዘክር ነው፤ የሽያጭ ገንዘብ ቢገኝ ለክምችቱ ጥቅም እንጂ ለመብራትና ለደመወዝ አይውልም፤ ሠራተኞችና ቤተ ሰቦቻቸው የሚወጣውን ዕቃ አይገዙም። ይህን የመጨረሻ ሐረግ ባነበብኩ ቁጥር ሆልምዝ ትዝ ይለኛል። ምክንያቱን አሁን እናገራለሁ።

ከመቅደላ ውድቀት አራት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1864 ዓ.ም.፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ኲርዓተ ርእሱ የሚባለው የጌታ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ ሲሆን ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምቱ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በወርቅ ተዋጅቶ የተመለሰ፣ በአገራችን ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ሥዕል ነው። እንግዲህ አንድ ንጉሥ በአንድ ጊዜ ሁለት ዕቃ ጠየቁ፤ አንደኛው ተመለሰ፣ ሁለተኛው አልተመለሰም። ልዩነቱን ያመጣው የእንግሊዞች ደግነት ወይም ክፋት ነው ብዬ አላምንም።

መጽሐፉን እንመልከት። ከመቅደላ ከመጡት መጻሕፍት መካከል የክብረ ነገሥት ቅጂ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም በቤተ መዘክሩ መዝገብ ሰፍረዋል። ጥያቄው ሲቀርብ የቤተ መዘክሩ ባላደራዎች ተሰብስበው አንደኛው እንዲመለስ ወሰኑ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 1865 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1872) ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የተደረገው ትንሽ ሥራ ነው። የቤተ መዘክሩ የበላይ ኃላፊ የነበረው ዊንተር ጆንዝ በመጽሐፉ ላይ በባላደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ የተመለሰ መሆኑን፣ ቀኑንም ጨምሮ፣ ጽፎ ፈረመበት። ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሁግ ለ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ በዓፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ ዓለም ላይ መጽሐፉን ባየ ጊዜ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ለማወቅ ያስቻለው ይህ ጽሑፍ ነው። በመካከሉ ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ወድቀዋል፤ የመንግሥቱ መቀመጫም ከሰሜን ወደ ሸዋ ተዛውሯል። መጽሐፉ ግን ከየት እንደመጣ የሚናገርለት ማስረጃ ከራሱ ጋር ነበር። ስለ ቤተ መዘክር ወጪ ሥርዓት ብዙ ገጽ ያለው ደንብ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች አጭር ማስታወሻ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁበትም።

ወደ ሥዕሉ እንሂድ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዓፄ ዮሐንስ በሰጡት መልስ ሥዕሉ ተፈልጎ እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ አገር መምጣቱም እንደሚያጠራጥር ገለጹ። ሥዕሉ ግን ሆልምዝ ዘንድ ነበር። ከመቅደላ ያመጣው እሱ ሲሆን ለቤተ መዘክሩ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀርቶታል። ይህ ሰው በዚያን ጊዜ የቤተ መዘክሩን ሥራ ትቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የንጉሡ ደብዳቤ የደረሰበት ቤተ መንግሥትና ሥዕሉን የያዘው ሰው የሚሠራበት ቤተ መንግሥት አንድ ናቸው። ንግሥቲቱ ዋሹ ለማለት አልደፍርም። የጠየቁት መዝገቡን ነው፤ መዝገቡም የሌለውን የለም ብሎ መለሰ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1905 በለንደን በሚታተም የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታየ፤ በ1917 በክሪስቲ ሐራጅ ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ሰው እጅ ገባ። ዛሬም የግለሰብ ንብረት ነው። የትኛውም የቤተ መዘክር ሕግ አይመለከተውም፤ የትኛውም ባላደራ ተሰብስቦ አይወስንበትም።

ብዙዎቻችን በቤተ መዘክር መዝገብ መስፈርን እንደ እስራት እንቆጥረዋለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የነዚህ የሁለቱ ዕቃዎች ታሪክ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በዘረፋ መጥቶም ቢሆን በመዝገብ የሰፈረው መጽሐፍ በአራት ወር ውስጥ መልስ አገኘ። ያልሰፈረው ሥዕል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲንከራተት ይኖራል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ አመላለስም እንከን የለውም ማለት አይደለም። ባላደራዎቹ መጽሐፉን የሰጡት «ሁለት አለን» በሚል ሚዛን ነው። ለታተመ መጽሐፍ ይህ አነጋገር ትክክል ነው። ለብራና ግን ብዙ ያከራክራል። ዓፄ ዮሐንስ በደብዳቤያቸው መጽሐፉን የፈለጉበትን ምክንያት ሲያስረዱ የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ እንዳለ፣ ያለ እሱም ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸው ጽፈዋል። እኔ እንደሚገባኝ ንጉሡ የሳባን ንግሥት ታሪክ ለማንበብ ብቻ አልጓጉም። የፈለጉት መዝገብ ነው። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ኅዳጉና ባዶ ቅጠሉ የርስት፣ የጉልት፣ የስጦታና የሹመት ማስታወሻ ይጻፍበታል። ጽሑፉ አንድ የሆነ ሁለት ክብረ ነገሥት በኅዳጋቸው ሁለት የተለያየ አገር ሊሆኑ ይችላሉ። «ትርፍ ቅጂ» የሚለው ሐሳብ ከማተሚያ ቤት የተወለደ ነው፤ ጸሐፊው በመቃ ብዕር ተቀምጦ ለሚጽፍበት አገር አይስማማም።

ይኸው ሐሳብ በሌላ የአፍሪካ ቅርስ ላይ የበለጠ ጥፋት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከቤኒን ቤተ መንግሥት ተዘርፈው ከመጡት የናስ ሰሌዳዎች መካከል ሠላሳ ያህሉን ያው የብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1972 ባለው ጊዜ «ትርፍ» ብሎ ሸጧል ወይም ለውጧል። አንዳንዶቹ ለናይጄሪያ ተሸጡ፤ ማለት የተዘረፈው ንብረት ለባለቤቱ በገንዘብ ተመለሰ። ሌሎቹ ወደ ነጋዴ እጅ ሄዱ። በኋላ ግን ሰሌዳዎቹ ጥንድ ሆነው እንዲሰቀሉ ታስበው የተሠሩ እንደነበሩና መንታ መምሰላቸውም ትርፍ ስለሆኑ እንዳልሆነ ታወቀ። ሁለት ተመሳሳይ ዓምድ ያለውን ሕንፃ አይቶ አንደኛው ትርፍ ነው ብሎ የሚያፈርስ መሐንዲስ ቢኖር ማኅበራችን ምን ይለው ነበር?

ከዚህ ጋር ተያይዞ፣ ዕቃን በመዝገብ የመያዝ ልማድ ከፈረንጅ የተማርነው እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባል የ13ኛው ምዕተ ዓመት ብራና አለው። በዚህ ወንጌል ገጾች ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። ይህ በዓለም ላይ ብዙዎቹ የዛሬ ቤተ መዘክሮች ከመቋቋማቸው አምስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። በየአድባራቱ ወንጌል ላይ ዕቃ ቤቱን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ዕቃውን የሰረቀ፣ የሸጠ ወይም ጽሑፉን የፋቀ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚል ቃል ይከተላል። ልብ እንበል፤ ውግዘቱ ጽሑፉን የፋቀውንም ይጨምራል። አባቶቻችን ዕቃውን መስረቅና መዝገቡን መፋቅ አንድ ዓይነት ወንጀል መሆኑን ያውቁ ነበር።

ከክብረ ነገሥት በኋላ ሌሎች ዕቃዎችም በየጊዜው ተመልሰዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ እንግሊዝን ሲጎበኙ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ከነበሩት ሁለት ዘውዶች አንደኛው ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተደረገ። የተመለሰው ወርቅ የተቀባው የብር ዘውድ ነው፤ ሆልምዝ ከወታደሩ የገዛው የወርቅ ዘውድ እዚያው ቀረ። ቤተ መዘክሩ በዚያን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለነበር መንግሥት አዝዞ ማስወጣት አላስቸገረውም፤ ከሁለቱ የትኛው እንዲመለስ እንደተመረጠ ግን አንባቢው ራሱ ይፍረድ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ወደ አገራችን ሲመጡ የዓፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። እነዚህ ሁሉ የተደረጉት በነገሥታት መካከል እንደሚደረግ ስጦታ ነው። ስጦታ ያስደስታል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚገዛ ደንብ አይሆንም።

ደንቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጥቶም በሩን ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባላደራዎቹ ዕቃ ሊያስወጡ የሚችሉበትን ምክንያት በጠባቡ ወሰነ። ዕቃው ትርፍ ቅጂ ከሆነ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1850 ወዲህ የታተመና ፎቶግራፉ በቤተ መዘክሩ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ በክምችቱ ውስጥ ለመቆየት የማይስማማና ቢወጣ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ ብቻ ይወጣል፤ በብልሽት ወይም በነቀዝ ከጥቅም ውጭ የሆነም ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሕግ በቪክቶሪያና አልበርት ላይ ተመሳሳይ ገደብ ጣለ። ለዚህ ነው በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመስጠት ሐሳብ ሲያቀርቡ መመለስ የሚለውን ቃል ያልተጠቀሙት። የራስን ንብረት በውሰት ተቀበሉ መባል ለሰሚው እንግዳ ነው። ሆኖም ሕጉን ያወጣው ፓርላማ እንጂ ኃላፊው አይደሉም።

በእኔ አስተያየት ግን ይህ ሕግ እንደሚባለው ድፍን ግድግዳ አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ጽላት ይገኛሉ። ለክብራቸው ሲባል በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የቤተ መዘክሩ ባለሙያዎችም አያዩዋቸውም፤ ፎቶግራፍ አይነሡም፤ አይጠኑም። እንግዲህ ማንም ተማሪ ሊያየው የማይችለው ዕቃ ቢወጣ የትኛው የተማሪ ጥቅም ይጎዳል? ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዝ የሕግ ባለሙያዎች ጭምር አንሥተውታል። የሕጉ ሦስተኛ በር ክፍት ሳለ በግድግዳው ማሳበብ፣ ከበሩ ቆሞ መንገድ የለም እንደማለት ነው። የዌስትሚንስተር አቢ በመንበሩ ውስጥ የሚገኘውን ጽላት ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2024 በመርሕ ደረጃ ተስማምቷል። በኤዲንበራ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያንም በቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘውን የመቅደላ ጽላት በ1994 ዓ.ም. መልሷል፤ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የተደረገለትን አቀባበል የሚያስታውሱ አንባብያን ይኖራሉ።

ሥርዓቱን ጠብቆ ከመዝገብ የወጣ ዕቃ ምሳሌ ከዘመናችን ቢያስፈልግ ግን የምጠቅሰው የዓፄ ቴዎድሮስን ጸጉር ነው። ሁለት ቁንዳላ ጸጉር፣ ንጉሡን በሞቱበት ቦታ የሣለው መኮንን ቤተ ሰቦች እ.ኤ.አ. በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የሰጡት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ጥያቄውን አቀረበ። ቤተ መዘክሩ ጉዳዩን መርምሮ፣ ጸጉሩ የሰው አካል ክፍል መሆኑንና ከንጉሡ አፅም ጋር እንዲያርፍ መታሰቡን ተመልክቶ፣ ለመመለስ ወሰነ፤ ውሳኔውንም ከምክንያቱ ጋር ለሕዝብ አስታወቀ፤ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በይፋ አስረከበ። አንድ ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው የወሰደው። ጠያቂው የታወቀ፣ ዕቃው የታወቀ፣ ገቢው በመዝገብ ያለ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ተረካቢው የፈረመ ነው። በሌላ በኩል ዕድሜው ከሺህ ዓመት በታች የሆነ የሰው አካል ቅሪት እንዲመለስ ለታላላቆቹ ቤተ መዘክሮች እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሕግ ወጥቶላቸዋል። አንድ ፓርላማ ለአጥንት በር መክፈት ከቻለ ለጽላት የማይከፍትበት ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰው ቤት ነው። በራሳችን ቤትስ? ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የጥንታዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አለን፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ከአገር የሚወጣበትንም መንገድ በፈቃድ ያጠብባል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሕጉ ጉልበት ከመዝገቡ ጉልበት አይበልጥም። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከቤልጅግ ሊመለስ የቻለው፣ መልኩ በየመጽሐፉ በፎቶግራፍ ስለታተመና ማንም «ሌላ መስቀል ነው» ብሎ ሊከራከርበት ስለማይችል ነው። ፎቶግራፍ ያልተነሣ የእጅ መስቀል ከአንዲት የገጠር ደብር ቢጠፋ ምን ብለን እንጠይቃለን? በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴ ቤተ መዘክር ሲዘረፍም ያው ጥያቄ ተነሥቷል። ከቤት የወጣን ዕቃ በገበያ ላይ ለይቶ ለመጠየቅ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ ስብራቱን፣ ፎቶግራፉንና ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል፤ መዝገቡም ከዕቃው ጋር በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ የለበትም። የሕንፃ ንድፍ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ የምናስቀምጠው ለዚህ አይደለምን?

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ነገ የመቅደላ መጻሕፍት ይመለሱ ቢባል ለማን ነው የሚመለሱት? የመቅደላው መድኃኔ ዓለም በእሳት ወድሟል። ብዙዎቹ መጻሕፍት የጎንደር አድባራት ንብረት እንደነበሩ ከላይ ተናግሬአለሁ። በኅዳጋቸው የየደብሩ ስም የተጻፈባቸው አሉ። ሁሉንም ጠቅልለን አዲስ አበባ ብናስገባ የንጉሡን አድራጎት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል። ለየደብሩ ብናከፋፍል ደግሞ ጠባቂ፣ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያና እሳት የማይደርስበት ዕቃ ቤት ያስፈልጋል። ይህ የእኛ የሙያ ድርሻ ስለሆነ የማኅበራችን አባላት የሚሉት ሊኖራቸው ይገባል። እኔ በበኩሌ የባለቤትነቱ ስም ለየደብሩ ተመዝግቦ፣ ማከማቻው በየአካባቢው ቢሠራ እመርጣለሁ። ወሎም፣ ጎንደርም ለዚህ የሚበቃ ድንጋይና ግንበኛ አያጡም።

ለማንኛውም ሊጠየቅ የሚችለው ዝርዝሩ ያለው ነው። ሆልምዝ መርጦ የወሰዳቸውን መጻሕፍት ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ አንድ በአንድ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የቅጠላቸው ብዛት፣ የጸሐፊው ስም፣ የኅዳግ ማስታወሻቸው ሳይቀር ተገልጿል። መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ማንም ሰው ቁጥር ጠርቶ ሊጠይቃቸው ይችላል። ከመቅደላ የተጫኑት መጻሕፍት ግን 900 ያህል ነበሩ። ጦሩ ወደ ባሕሩ ሲመለስ ለንደን የማይሄዱትን 600 ያህል መጻሕፍት በእንደርታ ለጨለቆት ሥላሴ ካህናት ትቶ አለፈ። አገር ውስጥ የቀሩልን እነዚህ ናቸው። የተወሰዱትን 350 እያንዳንዳቸውን እናውቃቸዋለን። ስለ 600ዎቹ ግን፣ በርክክቡ ቀን የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው ደብር እንደመጣ የሚናገር፣ በተረካቢና በአስረካቢ የተፈረመ አንድ ወረቀት እንኳ አላየሁም።